ፍጥነቱን የሚወስነው ማዕዘኑ ነው

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሰፈር መንገድ ነው። አውራ ጎዳናውንና ፈጣን መንገዱን ለሌላ ቀን እናቆየውና፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስናደርስ፣ ከሱቅ ዳቦ ልንገዛ ስንወጣ፣ ታክሲ ለመያዝ ስንወርድ ስለምንረግጠው ኮብልስቶንና አስፋልት እናውራ። ከዚያ መንገድ ደግሞ ሁለት ቦታዎችን እንመርጣለን፤ ሁለት መንገዶች የሚገናኙበትን መስቀለኛና መንገዱ የሚታጠፍበትን ኩርባ።

አደጋ በደረሰ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ጥፋተኛው ማነው?» የሚል ነው። ሾፌሩ ነው ወይስ እግረኛው? ፍጥነት ነው፣ ስልክ ነው ወይስ መጠጥ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሕጉም መልስ ይፈልጋል። ይሁንና በአንድ ማዕዘን ላይ በተደጋጋሚ ሰው የሚገጭ ከሆነ፣ ሾፌሩም እግረኛውም በየጊዜው እየተለወጡ ቦታው ግን ያው ከሆነ፣ ማዕዘኑም ሊመረመር ይገባል። ማን ሠራው? ምን ያህል አሰፋው? ለሾፌሩ ምን ያሳየዋል፣ ምንስ ይሸፍንበታል?

ይህን ጥያቄ ቀድመው የመንግሥት ፖሊሲ ካደረጉት አገሮች አንዷ ስዊድን ናት። የስዊድን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1997 «ራዕይ ዜሮ» የተባለውን ፖሊሲ ሲያጸድቅ የተነሣው ከቀላል እውነት ነው። ሰው ይሳሳታል፤ ይደክመዋል፣ ሐሳቡ ይበተናል፣ ልጅም ኳሱን ተከትሎ ይሮጣል። መንገድ የሚሠራው ባለሙያ ኃላፊነት ደግሞ ያ ስሕተት ነፍስ እንዳያጠፋ አድርጎ መሥራት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ብረት የሚከልላቸው አይደሉም። የሚከልላቸው ነገር ቢኖር የመንገዱ አሠራር ነው።

እስኪ ከመስቀለኛው እንጀምር።

ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈር ውስጥ የምትገባዋን መንገድ አስቧት። መኪናው ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ታጥፎ የሚገባበት ማዕዘን አለ። እዚያ ያለው የጠርዝ ድንጋይ፣ በተለምዶ ከርብስቶን የምንለው፣ ቀጥ ብሎ ይመጣና መጠምዘዝ ይጀምራል፤ ተጠማዝዞ ወደ ውስጠኛው መንገድ ይገባል። ያ ጥምዝ የአንድ ክብ ቁራጭ ነው። ከክቡ መሀል እስከ ድንጋዩ ያለውን ርቀት መሐንዲሶች የማዕዘኑ ሬዲየስ ይሉታል። ሬዲየሱ ትንሽ ከሆነ ማዕዘኑ ጠባብና የተሰበሰበ ነው። ትልቅ ከሆነ ደግሞ ለጥ ያለ ነው፤ መኪናው ሳይጨነቅ ይዞራል።

ይህን ሬዲየስ ማንም ሰው በእርምጃ ሊለካው ይችላል። መንገዶቹ ቀጥ ባለ ማዕዘን የሚገናኙ ከሆነ፣ የጠርዝ ድንጋዩ መጠምዘዝ ከጀመረበት ነጥብ ላይ ቁሙ። ሁለቱ የድንጋይ መስመሮች ሳይጠማዘዙ ቀጥ ብለው ቢሄዱ ኖሮ የሚገናኙበትን ቦታ በዓይናችሁ ፈልጉ። ከቆማችሁበት እስከዚያ ያለው ርቀት ሬዲየሱ ነው። የምትለኩት ግን መኪና በሌለበት ሰዓት ይሁን፤ መገናኛ ነጥቡ አስፋልቱ ላይ ነውና። በብዙ ከተሞች ለሰፈር መንገድ የሚመከረው ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚደርስ ነው። ለኮንቴይነር መኪና ተብሎ የተሠራ የሚመስል 12 ወይም 15 ሜትር ሬዲየስ በመኖሪያ ሰፈር መግቢያ ላይ ካገኛችሁ፣ የአደጋውን ምክንያት ግማሽ መንገድ ደርሳችሁበታል ማለት ነው።

ለምን? ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ስለሚበላሹ ነው። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። ጠባቡን ማዕዘን የሚዞር የቤት መኪና ጎማው በምቾት የሚይዝለት በሰዓት 14 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ ነው። ከዚያ ካለፈ ተሳፋሪው ወደ በሩ ይገፋል፣ ዕቃው ይንሸራተታል፣ ሾፌሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል። ለጥ ያለውን ማዕዘን ግን በ24 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳይከብደው ይዞረዋል። ልዩነቱ ከአሥር ኪሎ ሜትር አይበልጥም ትሉ ይሆናል። ነገር ግን መኪና ሰው ሲመታ የሚያደርሰው ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ14 ወደ 24 ሲወጣ ጉልበቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። እናት ከቀሚሷ ላይ አቧራ አራግፋ ልትነሣበት የምትችለው ግጭት፣ ዳሌዋን ወደሚሰብር ግጭት ይለወጣል።

ሁለተኛው እግረኛው የሚያቋርጠው ርቀት ነው። ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ እኔም ከሁሉ በላይ እንዲሰማ የምፈልገው ይህን ነው። የሰፈሩ መንገድ ስፋት 7 ሜትር ይሁን። በዋናው መንገድ ዳር ባለው የእግረኛ መንገድ፣ ከጠርዙ አንድ ሜትር ተኩል ገባ ብላችሁ ቀጥ እያላችሁ ትሄዳላችሁ። ማዕዘኖቹ 3 ሜትር ሬዲየስ ካላቸው፣ የምታቋርጡት ርቀት 8 ሜትር ያህል ነው። ማዕዘኖቹ 12 ሜትር ሬዲየስ ካላቸው ግን፣ የእግረኛው መንገድ በግራም በቀኝም በጥምዙ ስለተበላ፣ ያው 7 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ስታቋርጡት 19 ሜትር ይሆናል። መንገዱ አልሰፋም፤ የሰፋው አፉ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ስምንቱን ሜትር በሰባት ሰከንድ ያህል ይሻገራል፤ አሥራ ዘጠኙ ግን አሥራ ስድስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ምርኩዝ የያዙ አባት ወይም ልጅ ያዘለች ሴት ደግሞ ከሃያ ሰከንድ በላይ በመኪና መሀል ይቆያሉ።

በዚያ ላይ በተንጣለለው ማዕዘን ላይ ለሚቆመው እግረኛ መኪናው የሚመጣው ከኋላው ነው። መኪናው በዋናው መንገድ ከጀርባው ይመጣና ወደ ቀኝ ታጥፎ ይገባበታል። ጠባብ ማዕዘን ቢሆን መኪናው ሊዞር ሲል ዝግ ይላል፣ ፍሬቻውም ይታያል፣ ሾፌሩና እግረኛው ፊት ለፊት ይተያያሉ። በሰፊው ግን መተያየት የለም።

ማየት ለተሳናቸው ወገኖቻችን ጉዳቱ ሌላ መልክ አለው። ዓይነ ስውር ሰው መንገድ ሲያቋርጥ አቅጣጫውን ከሚያውቅባቸው ነገሮች አንዱ በበትሩ ወይም በእግሩ የሚዳስሰው የጠርዝ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ቀጥ ያለ ከሆነ ፊቱን ወደ ማዶ አስተካክሎ ይነሣል። ድንጋዩ ረጅም ጥምዝ ከሆነ ግን «ማዶ» የቱ ጋር እንደሆነ የሚነግረው የለም፤ ቀጥ ያለ መስሎት በሰያፍ ወደ መስቀለኛው መሀል ይገባል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራው መውረጃም እንዲሁ ነው። በጥምዙ መሀል ላይ አንድ ብቻ ሲሠራ በወንበሩ የሚሄደው ሰው የሚወርደው ወደ ዜብራው ሳይሆን ወደ መኪናው መንገድ መሀል ነው። በእያንዳንዱ ዜብራ ትይዩ አንድ አንድ መውረጃ መሥራት የሚያስወጣው ጥቂት ሲሚንቶ ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ መከራከሪያ አለ፤ መከራከሪያውም እውነት አለው። «የእሳት አደጋ መኪናስ? የቆሻሻ መኪናስ? አሸዋ የጫነው ገልባጭ መኪናስ እንዴት ይገባል?» ትልቅ መኪና ሲዞር የኋላ ጎማው የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። በየሰፈሩ ማዕዘን ላይ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ምስክሩን ታገኙታላችሁ። የጠርዝ ድንጋዩ አናት ላይ ጥቁር የጎማ ጭረት አለ፤ ዳሩ ተሸርፏል፤ ከድንጋዩ ጀርባ ያለው ንጣፍ ወርዶ ውሃ ይዟል። ባለሙያው ይህን ያይና «ማዕዘኑ ጠቧል፣ ይስፋ» ይላል።

በእኔ እምነት ስሕተቱ እዚህ ይጀምራል። በቀን አንዴ ለሚመጣ መኪና ተብሎ በቀን ሺህ ጊዜ ለሚያልፉ ሰዎች አደገኛ ማዕዘን አይሠራም። ትልቁን መኪና የማስተናገጃ ሌሎች መንገዶች አሉ። ወደ ሰፈሩ የሚገባው ትልቅ መኪና በዝግታ ሆኖ ወደ ተቃራኒው ረድፍ ትንሽ ቢወጣ ችግር የለውም፤ የሰፈር መንገድ ነውና ከፊት የሚመጣው ቆሞ ያሳልፈዋል። ለዚህ እንዲመች ከውስጠኛው መንገድ የሚወጣው መኪና የሚቆምበትን ነጭ መስመር ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ መሳብ ይበቃል። ሌላው ዘዴ ማዕዘኑ ላይ ዝቅ ያለ፣ ሻካራ ድንጋይ የተነጠፈበት እርከን መሥራት ነው። ትልቁ መኪና በጎማው ይወጣበታል፤ ትንሹ መኪና ግን ስለሚያንገጫግጨው ይርቀዋል። ለኮብልስቶን ጠራቢዎቻችን ይህን መሥራት ቀላል ሥራ ነው። እንዲህ ሲሆን ለቤት መኪናውና ለባጃጁ ጠባብ የሆነው ማዕዘን ለእሳት አደጋ መኪናው ሰፊ ይሆናል።

ወደ ሌላ ዓይነት መስቀለኛ እንሻገር። ብዙዎቹ አሮጌ ሰፈሮቻችን በፕላን ተለክተው የተሠሩ አይደሉም፤ መንገዶቻቸው የእግር መንገድን፣ የወንዝ ዳርን፣ የግቢ አጥርን ተከትለው የበቀሉ ናቸው። በዚህ ምክንያት መንገዶቹ ቀጥ ባለ ማዕዘን አይገናኙም፤ አንዱ ከሌላው ጎን በሰያፍ ተጠግቶ እንደ ሹካ ይገጥማል። ይህ ለሾፌር ሁለት ክፉ ነገሮችን ያመጣል። ወደ ሹካው የሚገባው መኪና መሪውን ትንሽ ብቻ ዘንበል አድርጎ፣ ማርሽ እንኳ ሳይቀንስ በያዘው ፍጥነት ይገባል። ከሹካው የሚወጣው ሾፌር ደግሞ ከኋላው የሚመጣውን ለማየት አንገቱን በትከሻው ላይ ማዞር አለበት፤ የመኪናው የበርና የኋላ መስኮት መሀል ያለው ብረትም ይከልለዋል። ዕድሜው የገፋ ሾፌርማ አንገቱ አይዞርለትም።

መፍትሔው ቤት ማፍረስ ላይፈልግ ይችላል። በሰያፍ የሚመጣውን መንገድ በመጨረሻዎቹ 10 ወይም 15 ሜትሮች ውስጥ የጠርዝ ድንጋዩን አንቀሳቅሶ ማጠፍና ዋናውን መንገድ ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ ካልሆነም ለዚያ በቀረበ ማዕዘን እንዲገጥም ማድረግ ነው። በሹካው አፍ ላይ ባለቤት አጥቶ የቀረው ሦስት ማዕዘን አስፋልት ወደ እግረኛ መንገድ ይለወጣል፤ ዛፍ ይተከልበታል፣ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥበታል። ሾፌሩ ግራና ቀኙን በጎን መስኮቶቹ ያያል። የሚታጠፈውም ዝግ ሳይል መግባት አይችልም።

ስለ ማየት ካነሣን አይቀር፣ ማዕዘን ላይ ስለሚቆሙ ነገሮች እንነጋገር። የቆመ ሚኒባስ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የኮንቴይነር ሱቅ፣ የመብራት ትራንስፎርመር፣ ተቆልሎ የቀረ አሸዋ። ቁመቷ ከሚኒባሱ መስኮት በታች የሆነች የስድስት ዓመት ልጅ ዜብራው ላይ ልትሻገር ስትመጣ፣ ከቆመው ሚኒባስ አፍንጫ አልፋ እስክትወጣ ድረስ ሾፌሩ አያያትም፤ እሷም አታየውም። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። በመንገድ ንድፍ ስሌት ላይ ሾፌር አደጋን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይታሰብለታል። በዚህ ስሌት 30 የሚሄደው መኪና ለመቆም 31 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ 50 የሚሄደው 63 ሜትር። የሃምሳው መኪና ፍሬኑ ገና ሳይነካ ብቻ 35 ሜትር ያህል ሄዷል።

ስለዚህ ከዜብራው በፊት ያለው 6 ሜትር ያህል ቦታ ባዶ መሆን አለበት። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ያለችው ሆቦከን የምትባል፣ 60,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ይህን በየማዕዘኑ ሠርታዋለች። ማዕዘን ላይ መኪና እንዳይቆም በቀለምና በጎማ ምሰሶ ከለከለች፤ በቦታው የብስክሌት ማሰሪያና የአበባ መደብ አኖረች፤ የእግረኛውን መንገድ ወደ ውጭ ገፍታ ማቋረጫውን አሳጠረች፤ ቆየት ብላም የከተማውን የፍጥነት ወሰን ዝቅ አደረገች። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ በኋላ ባሉት ሰባት ዓመታት በመንገዶቿ ላይ አንድም የትራፊክ ሞት አልተመዘገበም። በካሊፎርኒያ የምትኖሩ አድማጮቻችንም ሕጉን ሳታውቁት አትቀሩም፤ ከዜብራ በፊት ባለው 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር፣ ውስጥ መኪና ማቆም በግዛቲቱ ሕግ ተከልክሏል፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮም ያስቀጣል።

በእኛ ዘንድ ማዕዘን ላይ የሚገኘው መኪና ብቻ አይደለም። ጉልት የዘረጋች እናት አለች፤ ሊስትሮ አለ፤ ቆሎና ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ አለ። እዚያ የሚቀመጡት ሰው የሚያልፈው እዚያ ስለሆነ ነው፤ እንጀራቸው ነው። ማዕዘን ይጠረግ ሲባል እነሱን በዱላ ማባረር ማለት መሆን የለበትም። ስድስት ሰባት ሜትር ገባ ብሎ በእግረኛው መንገድ ላይ ቦታ ከተሰጣቸው ገበያቸው አይቀርም፤ ለሾፌሩም ዓይን አይከልሉም። መንገድ የሚነድፍ ባለሙያ ይህን ቦታ ሥዕሉ ላይ ካላሰፈረው፣ ሰዎቹ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ቀድሞ ቦታቸው መመለሳቸው አይቀርም፤ መመለሳቸውም ጥፋት አይሆንባቸውም።

አሁን ወደ ኩርባው እንሂድ።

መኪና ሲታጠፍ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል እንዳለ በታክሲ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ኃይል የሚቋቋሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጎማው መንገዱን የሚይዝበት አቅምና መንገዱ ወደ ጎን ያዘነበለበት ተዳፋት። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ገፊው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 35 ሜትር ሬዲየስ ያለው ኩርባ ከበቃው፣ በ60 ለሚሄደው፣ ጎማው ያው ጎማ ሆኖ፣ 140 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። በኩርባ ላይ «ትንሽ ብቻ ነው የጨመርኩት» የሚባል ነገር የሌለው ለዚህ ነው።

ተዳፋቱን በተመለከተ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። የሰፈር መንገድ አብዛኛውን ጊዜ መሀሉ ከፍ ብሎ ወደ ሁለቱ ዳር ያዘነብላል፤ የዝናብ ውሃ እንዲወርድ ነው። እኛ የምንነዳው በቀኝ ነው። ወደ ቀኝ በምንታጠፍበት ጊዜ የእኛ ረድፍ ያዘነበለው ወደ ኩርባው ውስጥ ስለሆነ መኪናውን ያግዘዋል። ወደ ግራ ስንታጠፍ ግን ያው ተዳፋት ወደ ውጭ ያዘነበለ ይሆናል፤ ከገፊው ኃይል ጋር ተባብሮ ወደ ቱቦው ይገፋናል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለቀኙ 32 ሜትር ሬዲየስ ከበቃ ለግራው 40 ሜትር ይጠይቃል። በአንድ ኩርባ ላይ ከመንገድ የሚወጡት መኪናዎች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱት ብቻ ከሆኑ፣ ተዳፋቱን መመርመር ነው። ጠበቅ ባለ ኩርባ ላይ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ውሃው ሁሉ ወደ ውስጠኛው ዳር ስለሚሄድ ቱቦውም እዚያ መሆን አለበት። ተዳፋቱን አዙሮ ቱቦውን በነበረበት መተው ክረምት ሲገባ መንገዱን ኩሬ ያደርገዋል፤ ኩሬውን የሚሸሸው እግረኛ ደግሞ የሚወጣው ወደ መንገዱ መሀል ነው።

የጎማው መያዝ በየዕለቱ አንድ አይደለም። እግርና ጎማ ያለሰለሰው ኮብልስቶን ሲረጥብ ያንሸራትታል። ከግንባታ ቦታ የተራገፈ ጠጠርና አሸዋ በመኪና ጎማ እየተገፋ የሚጠራቀመው በኩርባው ውጫዊ ዳር ነው፤ ባጃጁና ሞተር ሳይክሉ መያዝ የሚፈልጉት ደግሞ ልክ እዚያ ቦታ ላይ ነው። ኩርባን በየሳምንቱ መጥረግ የመንገድ ደኅንነት ሥራ ነው። በጀት አይጠይቅም ለማለት ይቻላል፤ ግን ባለቤት ይጠይቃል።

ጎንደር፣ ደሴ፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው የአዲስ አበባ ክፍል፣ እነዚህ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። ቁልቁለት ላይ መኪና ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ይረዝማል። በመቶ ሜትር አሥር ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ 50 የሚሄደው መኪና ለመቆም 63 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 75 ሜትር ይሆንበታል። ከሁሉ የሚከፋው ረጅም ቀጥ ያለ ቁልቁለት ወርዶ ድንገት የሚመጣ ጠባብ ኩርባ ነው። መንገዱ ሾፌሩን «ሂድ፣ ሂድ» ሲል ቆይቶ ባላሰበው ሰዓት «ቁም» ይለዋል። ጥሩ ንድፍ ሾፌሩን ቀስ በቀስ ያዘጋጀዋል። ከኩርባው በፊት መንገዱ ጠበብ ይላል፣ ዛፍ ከሁለት ወገን ይቀርባል፣ የፍጥነት መቀነሻ ይመጣል። መቀነሻው ግን ከኩርባው በፊት፣ መኪናው ገና ቀጥ ብሎ ሳለ መሆን አለበት። ኩርባው ላይ የተሠራ ጉብታ የሞተር ሳይክሉን ጎማ ከመሬት የሚያላቅቀው ያዘነበለበት ሰዓት ላይ ነውና ሞተረኛውን ይጥለዋል። ማታ መብራት በሌለበት፣ ቀለም ያልተቀባ ጉብታም ራሱ የአደጋ ምክንያት ነው።

በኩርባ ላይ የመጨረሻው ነገር አጥር ነው። የውስጠኛው ዳር ላይ ያለ የግንብ አጥር ከፊት የሚመጣውን ይሸፍናል። በ35 ሜትር ሬዲየስ ኩርባ ላይ 30 የሚሄድ ሾፌር በጊዜ ለመቆም የሚያስፈልገውን ያህል እንዲያይ፣ አጥሩ መኪናው ከሚሄድበት መስመር መሀል 3 ሜትር ተኩል ያህል መራቅ አለበት። በሰፈሮቻችን ይህ የት ይገኛል? የሰው ግቢ ነው፤ የሚፈርሰው የሰው ኩሽና ነው። ፍጥነቱ ወደ 20 ቢወርድ ግን የሚፈለገው ርቀት ከአንድ ሜትር ተኩል ያነሰ ይሆናል። አጥሩ በነበረበት ይቆማል፤ ማንም አይፈናቀልም። በጠባብ ሰፈር ውስጥ ፍጥነትን ዝቅ ማድረግ ከማስፋት የሚሻለው በገንዘብም በሰው እንባም ስለሚቀል ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡ መንግሥታት ባወጡት መግለጫ፣ እግረኛና ብስክሌተኛ ከመኪና ጋር በተደጋጋሚ በሚቀላቀልበት ቦታ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን ጠይቀዋል። ሰሌዳ ላይ 30 ብሎ መጻፍ ግን ብቻውን አያስቆምም። መንገዱ 60 እንዲነዳ ሆኖ ተሠርቶ ሰሌዳው 30 ቢል፣ ሾፌሩ የሚሰማው መንገዱን ነው።

ስለ አደባባይ ጥቂት እንበል። በተለመደው ባለ አራት አቅጣጫ መስቀለኛ ላይ የመኪናዎች መንገድ የሚቆራረጥባቸውና የሚገናኙባቸው 32 ነጥቦች አሉ። ባለ አንድ ረድፍ ትንሽ አደባባይ ሲሆን ስምንት ይቀራሉ፤ ከእነዚህም ፊት ለፊት ወይም በጎን የሚያላትም የለም። ይህ የሚሠራው ግን ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። የሚገባው ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ብሪታንያ ይህን ደንብ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር፤ ዘመናዊው አደባባይም የተወለደው ያኔ ነው ይባላል። ሌላው፣ የሚገባው መኪና መሀሉ ላይ ባለው ደሴት ተገዶ መጠምዘዝ አለበት። ቀጥ ብሎ ማለፍ ከቻለ ያ አደባባይ ሐውልት የቆመበት ሰፊ ሜዳ ነው እንጂ የፍጥነት መቀነሻ አይደለም። ከከተሞቻችን ትልልቅ አደባባዮች በአንዳንዶቹ ላይ እግረኛ የሚጨነቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ለሰፈር መስቀለኛ ትልቅ አደባባይ አያስፈልግም፤ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው፣ ትልቅ መኪና ሊረግጠው የሚችል ክብ እርከን ይበቃል።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ለገሃር ላይ ከዓመታት በፊት የከተማው ባለሙያዎች ግሎባል ዲዛይኒንግ ሲቲስ ኢኒሼቲቭ ከተባለው ዓለም አቀፍ ቡድን ጋር ሆነው መስቀለኛውን በቀለምና በአበባ ማስቀመጫ አስተካክለውት ነበር። መኪና የማይፈልገውን አስፋልት ለእግረኛ ሰጡ፤ ማዕዘኖቹን ሰበሰቡ፤ ማቋረጫውን አሳጠሩ። አካባቢው ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ ዘዴው ግን በየትኛውም ከተማ የሚሠራ ነው። ድንጋይና ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ማዕዘኑ በኖራና በአሮጌ ጎማ ይሠመራል። ለጥቂት ሳምንታት ሚኒባሱ እንዴት እንደሚዞር፣ የቆሻሻ መኪናው የት እንደሚነካካ፣ ተማሪዎች የት እንደሚሻገሩ ይታያል። ያልሆነው ይነሣል፣ የሆነው በድንጋይ ይተካል።

በሰፈራችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ ኮብልስቶን ልታስነጥፉ ከሆነ ወይም አስፋልት ሊመጣላችሁ ከሆነ፣ ሥራው ሳይጀመር ሥዕሉን ጠይቁ። ሥዕሉ ላይ የእያንዳንዱ ማዕዘን ሬዲየስ በሜትር ተጽፎ ይገኛል፤ ካልተጻፈ መሐንዲሱ በቃል ይነግራችኋል። ከ5 ሜትር በላይ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ለየትኛው መኪና ተብሎ እንደሆነና ያ መኪና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ጠይቁ። ዜብራው እግረኛው ከሚመጣበት መስመር ጋር ቀጥ ብሎ መግጠሙን፣ መውረጃው በዜብራው ትይዩ መሆኑን፣ የውሃ መውረጃ ፍርግርጉ ከዜብራው በላይ፣ ውሃው ከሚመጣበት ወገን መሆኑን እዩ፤ ከታች ከሆነ ጎርፉ እግረኛው መሀል ያልፋል። የጠርዝ ድንጋይ ከመተከሉ በፊት አንድ ከሰዓት በገመድና በኖራ ማስመር ይበቃል፤ ከተተከለ በኋላ ግን ማዕዘኑን ለማጥበብ ማፍረስ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ትምህርት ቤት በር መንገድ፣ ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ምን መደረግ እንዳለበት እንነጋገራለን።